ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁትን የ1794 ጣውላ ለወንድሜ ልላክለት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። የድሮ የስዊድን የእንጨት ሥራ እሰበስባለሁ። ከአንድ ሎፒስ (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) በ900 ክሮና ማንገልብሬዳ የሚባል የልብስ ማለስለሻ ጣውላ ገዛሁ። እጀታው የፈረስ ቅርጽ አለው። 1794 የሚል ዓመትና ሁለት ፊደላት ተቀርጸውበታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሊያገባ ስለሆነ ለሠርጉ ልልክለት አስቤያለሁ። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። የመረጡት ስጦታ በጣም ደስ ይላል። ማንገልብሬዳ ልብስ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ የድሮ የስዊድን ገጠር ጎረምሳ ለእጮኛው በገዛ እጁ ቀርጾ የሚሰጣት ዕቃም ነበር። ፊደላቱ ብዙ ጊዜ የስም መነሻዎች ናቸው። ይሁንና እባክዎ ገና ፖስታ ቤት አይሂዱ።

የስዊድን የባህል ቅርስ ሕግ (የ1988 ቁጥር 950) በምዕራፍ 5 ከአገር ለማውጣት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የተቀቡ ወይም የተቀረጹ የእንጨት መጠጫዎች፣ የፈረስ ዕቃዎችና የልብስ ሥራ መሣሪያዎች እዚያ ውስጥ አሉ። የእርስዎ ጣውላ ቁልጭ ብሎ ይገባል። «በርካሽ ነው የገዛሁት» ማለት አያዋጣም፤ ለዚህ ዓይነት ዕቃ የሚታየው ዕድሜው ነው።

ሕጉ ሁለት የሚጠቅሙ በሮች አሉት። ባለቤቱ ራሱ ከስዊድን ለቆ ሌላ አገር ሊኖር ሲሄድ ዕቃውን ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ይችላል። ውጭ የሚኖር ሰው በውርስ ያገኘውም እንዲሁ። የሠርግ ስጦታ ግን ከሁለቱም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻዎን ለቅርስ ባለሥልጣኑ ለሪክስአንቲክቫሪኤምቤትት ያስገቡ። ከየአቅጣጫው ያነሱትን ፎቶ፣ ልኬቱንና የት እንደገዙት ያያይዙ። ዕቃው ለአገሪቱ ቅርስ ትልቅ ትርጉም ከሌለው ፈቃድ መስጠት ግዴታቸው ነው። ተስፋ አይቁረጡ። ያለ ፈቃድ መላክ ግን ኮንትሮባንድ ሊሆን ይችላል፤ ለሙሽሮች ጣጣ መላክ አይፈልጉም።

አንድ ነገር ልጨምር። የግዢ ማስረጃ ካለዎት በደንብ ያስቀምጡ። የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና ቢገዙትም ወዲያው የእርስዎ አይሆንም፤ ባለቤቱ ሊያስመልሰው ይችላል። ይህ መብቱ የሚቋረጠው እርስዎ በቅን ልቦና ለ10 ዓመት ከያዙት በኋላ ነው።

ፈቃዱ ለሠርጉ ካልደረሰ በኑስኔስ መንደር የሚሠራ አዲስ የዳላ ፈረስ (ቀለም የተቀባ ባህላዊ የእንጨት ፈረስ) ይላኩ፤ ለእሱ ፈቃድ አያስፈልግም። የጣውላውን ፎቶ አብረው ያድርጉበት። ዋናው ስጦታ ፈቃዱ ሲወጣ ይከተላል።