ጡንቻ በሠንጠረዥ አይጠናም

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ትምህርት የገባሁት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ነው። የእጅና የእግር አናቶሚ ፈተና ላይ ግን ከመቶ 41 አመጣሁ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ የጡንቻዎቹን መነሻ፣ መድረሻና ነርቭ በሠንጠረዥ ሸምድጄ ነበር። አስከሬኑ ላይ መርፌ ተሰክቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል ሁሉም ጠፋብኝ። ድጋሚ ፈተናው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ኦርቶፔዲክስ ጉልበት ይጠይቃል፣ ለሴት አይሆንም» አለችኝ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አትተዪው።

በዚህ ፈተና ወድቀው እኔ ዘንድ የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ብዙ ያጠኑ ናቸው። ችግሩ ያጠኑበት መንገድ ነው። አንቺ ወረቀት አጠናሽ፤ የተጠየቅሽው አካል ነው። ሠንጠረዡን ሙዪ ብትባዪ ኖሮ ያለ ጥርጥር ታልፊ ነበር። እንዲህ ያለው ሽምደዳ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ማታ የያዝሽው ጠዋት የለም።

መጀመሪያ አጥንቱን ያዢ። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው። ከእነዚህ 126ቱ የእጅና የእግር ናቸው፤ የትከሻና የዳሌ አጥንቶችም እዚሁ ይቆጠራሉ። ቀኝና ግራ አንድ ዓይነት ስለሆነ ግን የምትማሪው 63 ብቻ ነው። ከእነዚህም 28ቱ የእጅና የእግር ጣት አጥንቶች ስለሆኑ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የሚቀርሽ 35 ነው። አየሽ፣ ሲታይ እንደሚያስፈራው አይደለም። እነዚህን 35 ዓይንሽን ጨፍነሽ በእጅሽ እየዳሰስሽ ስማቸውን፣ ቀኝ ወይም ግራ መሆናቸውን እስክትለዪ ድረስ ወደ ጡንቻ አትሂጂ። አንድ ሳምንት ይበላብሻል። ይብላ።

አሁን ይህን እያነበብሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እጅሽን ዘርጊና አውራ ጣትሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢው። ከአውራ ጣትሽ ሥር፣ በእጅ አንጓሽ ጎን፣ እንደ ገመድ የተወጠሩ ጅማቶች ብቅ ይላሉ። በመካከላቸው ትንሽ ጉድጓድ አለች። በሌላው እጅሽ ጣት ጉድጓዷን ተጫኚያት። ከሥር ጠንከር ብሎ የሚሰማሽ ስካፎይድ ነው። አንጓ ላይ ካሉት ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አንዱ ነው።

ሰው እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ከስምንቱ በብዛት የሚሰበረው ይኸው ነው። የሚገርመው የደሙ መንገድ ነው። ደም ወደ ስካፎይድ የሚገባው በአብዛኛው በጣት በኩል ካለው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ክንድ አቅጣጫ ይመለሳል። አጥንቱ መሃሉ ላይ ከተሰበረ በክንድ በኩል የቀረው ቁራጭ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ስብራቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ያቺን ጉድጓድ ይጫናል። ታካሚው «እዚያ ጋ አመመኝ» ካለው ራጁ ንጹህ ቢሆንም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ያስርለታል፣ ከቀናት በኋላም ራጁን ደግሞ ያስነሳዋል። ጣትሽ ገና እዚያው ላይ ነው አይደል? ከእንግዲህ ስካፎይድን የምትረሺው አይመስለኝም።

ነርቭንም እንዲሁ አጥኚው። ሂዩመረስን፣ ማለትም ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን አጥንት፣ አንሺና ከጀርባው አግድም እየዞረ የሚወርደውን ቦይ በጣትሽ ተከተዪው። ራዲያል ነርቭ አጥንቱን ተጠግቶ የሚያልፈው በዚያ ነው። የአጥንቱ መሃል ሲሰበር ነርቩ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ታካሚው አንጓውን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፣ እጁ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ይህን እጅ አንዴ በዓይነ ኅሊናሽ ካየሽው፣ አንጓንና ጣቶችን የሚዘረጉት ጡንቻዎች ነርቫቸው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅሽ።

የሚያስጨንቁሽ ረጃጅም ስሞች ደግሞ መልሱን በውስጣቸው ይዘዋል። ፍሌክሶር ዲጂቶረም ፕሮፈንደስ ማለት «የሚያጥፍ፣ የጣቶች፣ ጥልቅ» ማለት ነው። ኤክስቴንሶር ካርፒ ራዲያሊስ ሎንገስ «የሚዘረጋ፣ የአንጓ፣ በራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት) በኩል፣ ረጅም» ነው። ሃያ ያህል የላቲን ቃል ብትይዢ ግማሹ ሠንጠረዥ በራሱ ይፈታል። ጡንቻዎች ደግሞ በክፍል በክፍል የተቧደኑ ናቸው። ጭንን ብትወስጂ የፊተኛው ክፍል የፌሞራል ነርቭ ነው፣ የውስጠኛው የኦብቱሬተር፣ የኋለኛው የሳያቲክ። ከዚህ የሚያፈነግጡ ጥቂት ጡንቻዎች አሉ። እነሱን ለብቻ ጽፈሽ ያዢ፤ ፈታኞች የሚወዱት እነሱን ነው።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አስከሬኑ ጋ ብቻሽን አትቁሚ። አንድ ጓደኛ ይዘሽ ግቢ። እሷ ትጠቁም፣ አንቺ መልሺ፤ ከዚያ ተራ ተቀያየሩ። በተጠቆምሽ ቁጥር ስም ለመጥራት አትቸኩዪ። መጀመሪያ የቱ አጥንት አጠገብ እንደሆነ እዪ። ቀጥሎ የትኛውን መገጣጠሚያ እንደሚያቋርጥ፣ በፊት በኩል ነው ወይስ በኋላ በዪ። ስሙ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። ፈተናው ላይ ሁሉም የጠፋብሽ ከስም ስለጀመርሽ ይመስለኛል።

የአንዱ ሰው አካል ከሌላው እንደሚለይም አትርሺ። አውራ ጣትሽንና ትንሿን ጣትሽን አገናኝተሽ አንጓሽን ትንሽ እጠፊው። መሃል ላይ ቀጭን ጅማት ጎልታ ከወጣች ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባለው የክንድ ጡንቻ አለሽ ማለት ነው። ብዙ ጤነኛ ሰዎች ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ አስከሬኑ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ካልመሰለ አትደንግጪ።

የስልክ አፖችና የጥያቄ ካርዶች ለክለሳ ጥሩ ናቸው። ለመጀመሪያ ትምህርት ግን አልመክርሽም። ባዶ ወረቀት ላይ ራስሽ ብትስዪው ይሻላል፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም።

ወደ ጓደኛሽ አባባል ልምጣ። ኦርቶፔዲክስ መዶሻና መጋዝ ያለበት ሥራ ነው፣ እውነት ነው። ግን የወጣን አጥንት ወደ ቦታው የሚመልሰው ከክንድ ጉልበት ይልቅ አቅጣጫን ማወቅና ጡንቻው እንዲላላ ማድረግ ነው። ይህንን ሥራ በብቃት የሚሠሩ ሴት ቀዶ ሐኪሞች አሉ። በዚህ ምክንያት እንዳትተዪው።

ደግሞም ምርጫሽን አሁን መቆለፍ የለብሽም። ይህንኑ አናቶሚ ዕለት በዕለት የሚሠሩበት ሌሎች ሙያዎች አሉ። ራዲዮሎጂስቱ በምስል ያነበዋል። የሰመመን ሐኪሙ አንድ ክንድ ብቻ ለማደንዘዝ ነርቩን ፈልጎ ያገኘዋል። የተሃድሶ ሐኪሙ የደከመውን ጡንቻ ለይቶ ያሠራዋል። ታካሚ ማየት ስትጀምሪ የትኛው ክፍል ውስጥ ሰዓቱ ሳታውቂው እንደሚሄድ አስተውዪ። ከመጀመሪያ ዓመት ውጤት ይልቅ እሱን እመኚ።

በዚህ ሳምንት የሚሠራ አንድ ነገር አለ። መምህርሽ ጋ ሂጂና የሳትሻቸው ነጥቦች የትኞቹ እንደነበሩ ጠይቂ። ክንድ ላይ ከበዙ ከሂዩመረስ ጀምሪ። እግር ላይ ከበዙ ከፌመር፣ ከጭን አጥንት።