ስለ መልካም ቀን፦ ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች

በቅርቡ በምህንድስና የተመረቀ አንድ ወጣት፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ የመንገድ ፕሮጀክት ሥራ ማግኘቱን ሊነግረኝ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሊሰናበተኝ ሲነሣ «ጋሼ፣ በሕይወትዎ ምንም ያልጎደለበት ቀን የትኛው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ስላሳለፍኩ፣ አንድ ከባድ መስመር ያጠናቀቅንበትን ቀን እጠቅስለታለሁ ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። እኔም እሱኑ ልነግረው ስል ሌላ ቀን ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ለእሱ በቃል ያልመለስኩትን፣ እሱን ለምትመስሉ ሁሉ በጽሑፍ ላቀርበው ወደድኩ።

የልጅነት ዘመኔን በአጭሩ ልለፈው። ጎጃም ውስጥ ከብት እየጠበቀ ላደገ ልጅ ከነሐሴ 13 ቀን የሚበልጥ ቀን አልነበረም። ጅራፉ አስቀድሞ ይገመዳል፣ ማዶ ካለው መንደር እረኞች ጋር ማን ይበልጥ ያጮኸዋል እየተባባልን እንፎካከራለን፣ እናቶቻችን የጋገሩትን ሙልሙል በየደጁ እየጨፈርን እንሰበስባለን። ልጅ ቀኑ ምን እንዳተረፈለት አይጠይቅም።

በሃያዎቹ ዕድሜ ግን መልካም ቀን ማለት ሥራ የሰመረበት ቀን ነው፤ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀያሽ ከፍታ ሲለካ ከፍታው ከሚታወቅ ነጥብ ተነሥቶ፣ ስታፉን፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም መለኪያ ዘንግ፣ ከካስማ ወደ ካስማ እያዘዋወረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ተመልሶ መነሻው ላይ ይዘጋል። ሲዘጋ ከመነሻው ከፍታ ጋር የተገኘው ልዩነት ከተፈቀደው ካለፈ የዕለቱ ድካም ሁሉ ተሰርዞ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። እኛ በምንሠራበት ደረጃ ለ4 ኪሎ ሜትር ዙር የሚፈቀደው 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዓባይ በረሃ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ከፍ ስትል ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ የስታፉ ቁጥሮች በመነጽሩ ውስጥ ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ጀምረን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ዋናውን ሥራ መጨረስ ነበረብን። በእንዲህ ያለ ቦታ ዙሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዘጋ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም፤ ማታ ድንኳን ውስጥ በፋኖስ ብርሃን ስሌቱን ደጋግሜ እያየሁ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ጊዜ አለ። አንዳንድ ወጣቶች ገና ሥራ ሳይይዙ ስለ ዕረፍት አብዝተው ሲያወሩ ስሰማ ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው። በዚያ ዕድሜ ድካም ራሱ ጸጋ ነው።

በዚያ በረሃ ሳለን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የመስከረም መጨረሻ አባቴ ሳይታሰብ መጣ። እኛ የሰፈርነው በጎሐ ጽዮን በኩል ባለው ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ የእሱ አገር ደግሞ ከማዶ፣ ከደጀን በላይ ነበር። እስከ ድልድዩ በጭነት መኪና መጥቶ፣ ቀሪውን ዳገት ጋቢውን አጣፍቶ፣ በአንድ እጁ በትሩን፣ በሌላው ማር የሞላበት ቅል ይዞ በእግሩ ወጣው። ልጁ «መንገድ የሚለካ» መሆኑን ሰው ነግሮት፣ መንገድ እንዴት እንደሚለካ ለማየት ነበር የመጣው። በዚያ ጠዋት ሸለቆው በጉም ተሞልቶ አሥር እርምጃ እንኳ አያሳይም ነበር። ሠራተኞቹን ወደ ገበያ አሰናብቼ፣ ቀኑ ባከነብኝ ብዬ ተናድጄ ተቀምጬ ነበር።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ ጉሙ ተገፈፈ። ዝናብ ያጠበው ሰማይ ማዶውን አፋፍ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ቴዎዶላይቱን፣ በመነጽር እያየን ማዕዘን የምንለካበትን መሣሪያ፣ ተከልኩና በአባቴ ደብር ላይ አነጣጥሬ እንዲያይ ጠራሁት። የዚያን ዘመኑ የስዊዘርላንድ መሣሪያ ምስሉን ገልብጦ ነበር የሚያሳየው፤ አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ካየ በኋላ ቀና ብሎ በባዶ ዓይኑ አፋፉን ተመለከተ፣ እንደገና አጎነበሰና «ቤተ ክርስቲያኑን ማን ገለበጠው?» አለኝ። መስተዋት ብርሃንን እንዴት እንደሚያሳልፍ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ከዚያ ጥዱን፣ የጎረቤቱን የቆርቆሮ ክዳን፣ ቁልቁል የሚወርደውን የውኃ መንገድ እየፈለገ፣ ያገኘውን ሁሉ በስም እየጠራልኝ እስኪመሽ ከመሣሪያው አልተለየም። ማታ በማሩ ዳቦ በላን። ሌሊቱን በእኔ አልጋ ተኛ፤ እኔ መሬት ላይ አነጠፍኩ።

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለ ነበር በጠዋት ወደ ሥራ ወጣሁ፣ እሱም ወደ አገሩ ተመለሰ። በሚቀጥለው ክረምት አረፈ። የዚያን ዕለት በመስክ መዝገቡ ላይ በእጄ የጻፍኩት «ጉም፤ ሥራ አልተሠራም» የሚል ነው። ከሃያዎቹ ዕድሜዬ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ቢመጣልኝ የምመኘው ቀን እሱ ነው። ይህ ከላይ ስለ ሥራ ካልኩት ጋር እንደማይስማማ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። የሚቆጨኝ ቀኑ መልካም መሆኑን ለእሱ ሳልነግረው መቅረቴ ነው።

በጎልማሳነት መልካም ቀን የጸጥታ ቀን ነው፤ ልጅ ያልታመመበት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ያልደረሰበት፣ ሁሉም በጊዜ ገብቶ አንድ ማዕድ የቀረበበት። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ እኔ ፊልድ ስውል ስንቱን ብቻዋን እንደ ተሸከመች የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ወጣቶች የቡናው አቦል ሳይጠጣ ስልክ አውጥተው ፎቶ ሲያነሡ ደስ አይለኝም፤ ያሉበትን ሰዓት ለሌላ ሰው ያሳያሉ እንጂ አይኖሩበትም እላለሁ። ሆኖም አባቴ በመሣሪያው ላይ አጎንብሶ የተነሣው አንድ ፎቶ ቢኖረኝ ምን ያህል ዋጋ እከፍል ነበር! ስለዚህ አንሡ፤ ግን ካነሣችሁ በኋላ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት።

በእኔ ዕድሜ ደግሞ ጉልበት ሳያመኝ ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ስለ ሥራ ሊጠይቀኝ ቢመጣ ቀኑ ሞላልኝ ማለት ነው። መጠየቅን አትፈሩ፤ የምታስቸግሩን እየመሰላችሁ ትተዉናላችሁ።

ወላጆቻችሁንም ወደ ሥራ ቦታችሁ ጋብዙ። ለምርቃት በዓል ሳይሆን፣ ለተራ የሥራ ቀን ይሁን። ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ማዶው ይታያል። የመሳፈሪያውን በቴሌብር ላኩላቸው፣ መሣሪያውን ራሳቸው በእጃቸው እንዲነኩት አድርጉ፣ የሚጠይቋችሁንም ሁሉ እስከ መጨረሻው መልሱላቸው። ለዚያች አንድ ቀን ደግሞ ከኃላፊያችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ መስመሩ በማግሥቱም ይለካል።