የግብሩ ቁጥር ከኮዱ ይውጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? አዳማ ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ) ሶፍትዌር እንሠራለን። ሐምሌ 1 ቀን 2017 የደመወዝ ግብር ማስከፈያው ሲቀየር፣ ቁጥሮቹን ከኮዱ ውስጥ እየለቀምን ስንቀይር አራት ቀን ፈጀብን። አንድ ቦታ ረስተን ደንበኛ ተቆጣን። አለቃዬ አሁን «ሩል ኢንጂን (ደንቦችን ከኮዱ ውጭ ይዞ የሚያስፈጽም ሶፍትዌር) እናስገባና ደንቡን ከኮዱ እንለየው» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከአለቃህ ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ደንቡ ከኮዱ ይለይ። ለዚህ ግን ሩል ኢንጂን የግድ አይደለም።

የ12 ሺህ ብር ደመወዝተኛ እንውሰድ። በድሮው ማስከፈያ 35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር፤ ግብሩ 2,700 ብር። በአዲሱ 30 በመቶ ነው፣ ተቀናሹ 1,350፤ ግብሩ 2,250 ብር። ልዩነቱ በወር 450 ብር ነው። ለአንድ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ደንበኛችሁ ቢቆጣ እውነቱን ነው። ስሌቱ ግን አልተለወጠም። ያኔም ማባዛትና መቀነስ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። የተለወጡት የእርከኑ መነሻና መድረሻ፣ መቶኛውና ተቀናሹ ናቸው። እነዚህን ዳታቤዝ ውስጥ በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጣቸው። ኮዱ ከዚያ ያንብብ።

ደንቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚያሳይ ቀንም አብሮ ይግባ። ይህን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። በ2008 የገቢ ግብር አዋጁ ሲወጣ አሮጌዎቹን ቁጥሮች አጥፍቼ አዲሶቹን ጻፍኩባቸው። በዓመቱ ኦዲተር መጣና የሚያዝያ 2008ን ፔሮል እንደገና አትሙልኝ አለ። ሲስተማችን የሚያዝያን ደመወዝ በአዲሱ ማስከፈያ አስልቶ አወጣው። ከተከፈለው ጋር አልገጠመም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ልዩነቱ የት ገባ?» ስትባል ከረመች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ አሮጌው ረድፍ አይነካም፤ አዲስ ረድፍ ይጨመራል።

ታዲያ ሩል ኢንጂን መቼ ነው? ደንቦቹ ሲበዙና እርስ በርስ ሲነካኩ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ሶፍትዌር ብትሠሩ ለምሳሌ፦ ይህን ያህል ወር የቆጠበ፣ ያልከፈለው ብድር የሌለበት፣ ዋስ የጠራ፣ ዋሱም ራሱ ብድር ካለበት ደግሞ ሌላ ሕግ... ይህን ሁሉ ኮዱ ውስጥ በኢፍ-ኤልስ («እንዲህ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ» እያልክ) ከጻፍከው በስድስት ወርህ አንተም አታውቀውም። በኢንጂን እያንዳንዱን ደንብ «ይህ ሲሆን ይህ ይደረግ» ብለህ ለብቻው ትጽፈዋለህ። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሩ ከሆነ ድሩልስ የሚባል ኢንጂን አለ፤ በነጻ ይገኛል። መሠረቱ ቻርልስ ፎርጊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያፈለቀው ሬቴ የተባለ ስልት ነው። አንድ መረጃ ሲለወጥ ደንቡን ሁሉ እንደ አዲስ አይፈትሽም፤ ለውጡ የሚነካቸውን ብቻ ያያል። ደንቡ በሺህ ሲቆጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስድስት እርከን ላለው የደመወዝ ግብር ግን ምን ያደርጋል?

ኢንጂኑ የራሱ ጣጣም አለው። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች በተራ አይሠሩም። የአንዱ ውጤት ሌላውን ይቀሰቅሳል። ራሱ የሚፈትሸውን መረጃ የሚቀይር ደንብ ከጻፍክ ደግሞ ራሱን እየቀሰቀሰ ማቆሚያ ሊያጣ ይችላል። ይህን የሚከታተል ሰው አላችሁ?

አለቃህ «ሂሳብ ክፍል ራሱ ይቀይረዋል» ካለህም ቀስ በል። ድሩልስ ደንብን ከኤክሴል ሰንጠረዥ ማንበብ ይችላል፤ የሂሳብ ሰዎች ያንን አይተው እኛ ያላየነውን ስህተት ሲያወጡ አይቻለሁ። በጣም ደስ ይላል። ግን ለውጡ ሳይፈተሽ፣ ሁለተኛ ሰው ሳያየው ወደ ሥራ አይግባ።

ለአሁኑ ሰንጠረዡን ሥራና በ12 ሺህ ብር ሞክረው። የሰኔ 2017 ግብር 2,700፣ የሐምሌው 2,250 መምጣት አለበት። ሁለቱም ከመጡ ለአለቃህ አሳየው። የብድር ሥራ ስትይዙ ደግሞ ጻፍልኝ፤ ያኔ ስለ ኢንጂኑ በደንብ እናወራለን።