የጓሮ አትክልት ጥያቄዎቻችሁ፦ ከወንዝ ዳር ጎመን እስከ ሱሉልታ ውርጭ

ክረምቱ ሳይገባ መደባችሁን ማዘጋጀት የጀመራችሁ ብዙ ናችሁ። ከጥያቄዎቻችሁ ለዛሬ አራቱን መርጫለሁ።

ጎመን ከጉሊት በቀላሉ አገኛለሁ። እቤት ማልማቱ ምን ይጨምርልኛል? (ከየካ አባዶ)

ጎመኑ ምን ጠጥቶ እንዳደገ ያውቃሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና ሊድ ያሉ ለጤና ጎጂ የሆኑ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። ጀርሙን አጥቦና አብስሎ መቀነስ ይቻላል። ቅጠሉ ውስጥ የሰረገ ብረት ግን በእጥበት አይወጣም። እርግጥ ገበሬው ላይ አልፈርድም፤ ሌላ ውሃ ቢያገኝ ይመርጥ ነበር።

መሬታችን ጥቁር ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ማዳበሪያ ሳልገዛ ያበቅልልኛል? (ከገላን)

ያበቅላል። ጥቁር መሬት ድሃ አይደለም፤ ችግሩ ውሃ አለማሳለፉ ነው። ስሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ዙሪያውን ቦይ ያውጡለት።

ከዚያ ኮምፖስት፣ ማለትም እቤት የሚሰራ የብስባሽ ማዳበሪያ። ጥላ ቦታ ላይ ከስር ጭራሮ ይደርድሩ። በላዩ ገለባ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እበትና ጥቂት አፈር እያፈራረቁ ይከምሩ። ስጋና ቅባት አይግባበት፤ አይጥ ይጠራል። የባህር ዛፍ ቅጠልም አይብዛበት። ክምሩ መሃል ረዘም ያለ ዱላ ይሰኩና ከደቂቃዎች በኋላ መዝዘው ይዳስሱት። ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ስራው እየሄደ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ ይርጩበት። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ገለባ ጨምረው ያገላብጡት። ከሦስት አራት ወር በኋላ ጠቁሮ፣ ፍርክስክስ ብሎ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ደርሷል።

መሬቱ በአንድ ክረምት አይለወጥም። በየዓመቱ ሲጨምሩበት ግን እየላላ ሲሄድ ዶማዎ ይነግርዎታል።

ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው፤ መድኃኒት ልርጭ? (ከሰበታ)

ኧረ ይቆዩ! መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት) የሚከማቸው ከስር ነው። በጣም የተጎዳውን ቅጠል ቆርጠው ያስወግዱ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ፀሐይ ሲበርድ ከቅጠሉ ስር ይርጩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ይድገሙት። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካዩ እንዳይነኳት፤ ክሽክሽ በላተኛ ናት። መድኃኒት ከረጩ እሷም አብራ ትሞታለች።

ቲማቲሜ ህዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠውልጎ ጠቆረ፤ ምን ነካው? (ከሱሉልታ)

ውርጭ ነው። ቲማቲም ውርጭ አይችልም። በዚያ ወቅት ጎመን፣ ቀይ ስርና ነጭ ሽንኩርት ያዋጣዎታል። ቲማቲሙን የግድ ካሉ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ስር ይትከሉት። ማታ በጆንያ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግለጡለት።