ጅግጅጋን በጂላል እዩዋት፦ ጥያቄና መልስ

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግኩ የሒሳብ ሰው ነኝ። ከውጭ የሚመጡ የሶማሌ ክልል ልጆችን መዝገብ እይዛለሁ፣ ደብዳቤ እተረጉማለሁ፣ አንዳንዴም በዘመዳሞች ጠብ መሀል እቀመጣለሁ። እዚህ እነሱን «ቁርበጆግ» ይሏቸዋል፤ ባሕር ማዶ የሚኖር ማለት ነው። የክረምቱ እንግዶች ሳይመጡ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተመረጡት እነዚህ ናቸው።

ወላል (ወንድሜ)፣ ወላጆቼ የደገሃቡር ሰዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት ኬንያ፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው። ኢንቨስት ላድርግ ብል የምቆጠረው እንደ ውጭ ሰው ነው እንደ አገር ልጅ? (ከሚኒያፖሊስ)

እንደ አገር ልጅ የመቆጠር መንገድ አለህ። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአዋጅ 270/1994 የመጣ ነው። አንተ ባትሆን እንኳ ከወላጆችህ፣ ከአያቶችህ ወይም ከቅድመ አያቶችህ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ይመለከትሃል። ካርዱን ከያዝክ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ የሥራ ፈቃድ አትጠየቅም፣ ቤት በስምህ ይሆናል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። በኢንቨስትመንት አዋጁ (1180/2012) ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መስተናገድ ትችላለህ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ማቅረብ አለበት።

ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። የአርብቶ አደር ልጅ የአያቱን ወረቀት ከየት ያመጣል? አንድ ደንበኛዬ ስንት ቢሮ ከዞረ በኋላ የአባቱን የደርግ ጊዜ የቀበሌ መታወቂያ ከአክስቱ ሳጥን ውስጥ አገኘው። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሠርጓ ጌጥ ሥር። ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ኢዶዎችህ (አክስቶችህ) ሳጥናቸውን እንዲፈትሹ አድርግ።

የአጎቴ ልጅ ጅግጅጋ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ እየሠራልኝ ነው። ብር በላክሁ ቁጥር «ትንሽ ቀረ» ይለኛል። አራት ዓመት ሆነ። ሌባ ነው ብዬ ልከሰው? (ከስቶክሆልም)

እህቴ፣ አትቸኩይ። ከተማችን ውስጥ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ የቀረ ሕንፃ ብዙ ነው። ከአብዛኛው ጀርባ ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ዘመዱ በነጻ ይሠራል። ሦስት ልጆች አሉት፣ ጠዋት ማታ ሳይት ላይ ይቆማል፣ ደመወዝ የለውም። ታዲያ ምን ይብላ? መጀመሪያ ከሲሚንቶው ሒሳብ የሻይ ይወስዳል። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ክፍያ። በኋላማ የሚስቱ ወንድም ሲታመም የፎቁ ገንዘብ ሆስፒታል ይገባል። እሱ ይህን ስርቆት አይለውም፤ ባንቺ ቦታ ሆኖ ለቤተሰቡ የደረሰ ነው የሚመስለው።

የምታርፊበት አየር ማረፊያ ስሙ ገራድ ዊልዋል ነው አይደል? ስለዚሁ ገራድ (የጎሳ መሪ ማለት ነው) እዚህ ሁሉም ልጅ የሚያውቀው ተረት አለ። ገራዱ ወንዶቹን ሰብስቦ «ሰውን የሚያፋቅርም የሚያጣላም የበግ ብልት አምጡ» አላቸው። አንዱ ወርች፣ ሌላው ጎድን አመጣ። የድሃው ሰው ልጅ ግን ለአባቷ የበጉን ጉሮሮ ሰጥታ ላከችው። መልሱ እሱ ነበር፤ ሰው የሚፋቀረውም የሚጣላውም በሚውጠው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ደመወዝ ቁረጪለት፣ በወረቀት። ቀጥሎ ጠቅላላ ውክልና ሰጥተሽው ከሆነ ሽሪና በልዩ ውክልና ቀይሪው፤ የሚሠራውን ብቻ የሚዘረዝር ይሁን። ሦስተኛ፣ ዘመድሽ ያልሆነ መሐንዲስ ቅጠሪ። ሥራውን እየለካ ፎቶ ይላክልሽ፣ ክፍያውም በሱ ልክ ይሁን። የከሰሱ ደንበኞች አሉኝ። ፍርድ ቤት ረትተው ለቅሶ ቤት የሚያስገባቸው አጡ።

ለጉብኝትም ለሥራም የሚሻለው ወር የትኛው ነው?

ለጉብኝት ሐምሌና ነሐሴ። ሶማሌዎች ወቅቱን «ሐጋ» ይሉታል። (ከግዕዙ ሐጋይ ጋር ሲመሳሰል ሁሌ ይገርመኛል። የግዕዙ በጋ ነው፤ እዚህ ግን ዝናብ ይዘንባል።) የጅግጅጋ ሜዳ አረንጓዴ ይለብሳል። ከሐረር በኩል የካራማራን ተራራ አልፈህ ቁልቁል ስታይ አገሩ ሁሉ ማሳ ነው። የውጭ ትምህርት ቤቶችም ስለሚዘጉ ሁሉም በዚህ ወቅት ይመጣል። ሠርግ በሠርግ ይሆናል፣ የመኪና ኪራይ ይሰቀላል።

ገንዘብህን ለማፍሰስ ካሰብክ ግን በጂላል ተመለስ። ጂላል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቁ ወቅት ነው። በሐጋ ያየኸው ቦታ ያኔ አቧራ ነው። ውሃ በቦቴ ይገዛል፤ ወደ ሐውድ የግጦሽ አገር በኩል ደግሞ ሰው ዓይኑን ብርካው ላይ ተክሎ ይከርማል። ብርካ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። አንድ ከለንደን የመጣ ሰው በነሐሴ የወተት ላም እርባታ ጀመረ። በየካቲት ለላሞቹ የገዛው ውሃ ከሸጠው ወተት በለጠበት። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። የካቲትን ሳያይ ነው የገባው።

ብር ከባንክ ውጭ በሐዋላ ልላክ በባንክ?

በባንክ፣ ወይም ፈቃድ ባለው አስተላላፊ። ድሮ በጥቁር ገበያና በባንክ መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ያጓጓ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ልዩነቱም ያኔ ጠበበ። ከዚያ በላይ ግን ነገ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ስትባል የባንክ ወረቀት ያስፈልግሃል። ትርፍህን መልሰህ ማውጣት ብትፈልግም እንደዚያው።

ወለድ የማትነካ ከሆነ አማራጭ ሞልቷል። ሸበሌ ባንክ እዚሁ የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ሆኖ ያደገ ነው። ሄሎካሽ የሚባለውን በስልክ ገንዘብ መላኪያም ከማይክሮፋይናንስነቱ ጊዜ ጀምሮ ሰው ለምዶታል። ሻይ የምትሸጥ ሴት እንኳ ቁጥሯን ትነግርሃለች እንጂ ዝርዝር አትፈልግም። በሙራባሃ ባንኩ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ትርፉ ከወለድ ይቀላል ብለህ ግን አትገምት፤ አስላው።

ምን ልሥራ? ሁሉም ሆቴል ክፈት ይለኛል። (ከቶሮንቶ)

ሆቴል የሚሞላው በሐጋ ነው። እኔን ከሰማህ ከብትና ግመል አካባቢ ሁን፤ ግን እንስሳውን ራሱን ሳይሆን ዙሪያውን። መኖ፣ የእንስሳት መድኃኒት፣ ማቀዝቀዣ፣ ማጓጓዣ። ምክንያቱን ልንገርህ። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ስንቱ ባለ መንጋ ባዶ እጁን ቀረ። ገበያውም ሌላ ሰው እጅ ነው። ሳዑዲ በ2000 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን አላስገባም ብላ እስከ 2009 ስትዘጋ የበርበራ ወደብ ንግድ ተሽመደመደ። በሐጅ ሰሞን ዋጋው የሚሰቀለውም በዚያው በር በኩል ነው።

የግመል ወተት ጥሩ ነው። ግን ንግዱን ለዓመታት የያዙት ሴቶቹ ናቸው። በጢስ በታጠነ ዕቃ ወተቱን ሳይበላሽ ከገጠር ገበያ ያደርሳሉ። እነሱን ለመጣል ሳይሆን ከእነሱ ለመግዛት ከመጣህ ያዋጣሃል።

የእርሻ መሬት ተሰጠኝ፣ ወረቀቱም በእጄ ነው። አጥር ሳጥር ግን ሽማግሌዎች አስቆሙኝ።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የያዝከው የመጠቀም መብት ነው። አርብቶ አደሩ ዘንድ ደግሞ ቦታው የግጦሽ መስመር ሊሆን ይችላል። አንተ ባዶ ያልከው ሜዳ በጂላል ሦስት ጎሳ የሚያልፍበት ነው። ሽማግሌዎቹ ጋ ሂድ፣ በሬ አሳርድ፣ የውሃ መተላለፊያ ተውላቸው። ከዚያ በኋላ አጥሩን የሚጠብቁልህ እነሱ ናቸው።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ለንደን ላይ አስቸግሮኛል። ለአንድ ዓመት አያቱ ጋ ልተወው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

«ዳቀን ዔሊስ» የሚባለው ነው፤ ወደ ባህል መመለስ። እንዲህ የመጡትን ልጆች እዚህ ከአካሄዳቸውና ከአነጋገራቸው ነው የምለያቸው፤ ትከሻቸውን እያወዛወዙ ይሄዳሉ፣ ሶማሊኛቸውንም በእንግሊዝኛ ዜማ ይናገራሉ። የሚወዱት አሉ፤ ግመል ማለብ ተምሮ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ለሁለት ሳምንት ሽርሽር ተብሎ መጥቶ ፓስፖርቱ የተደበቀበት ልጅ ግን ሌላ ነው። እሱ ከባህሉም ከእናቱም ጋር ይኳረፋል። እህቴ፣ ንገሪው። የመመለሻ ቲኬቱን ቀን ራሱ ይይ።

አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ሶማሌም አይደለሁም። ለመዝናናት ብመጣስ?

ና እንጂ! ሐረር እደር፣ በባቢሌና በዳከታ ድንጋዮች በኩል ና። ከሐረር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ሻህ በወተት፣ ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ሙዙን ከሩዙ ጋር ሲያቀርቡልህ «ይሄ ፍራፍሬ ነው» ብለህ አታስቀምጠው፤ አብሮ ነው የሚበላው። ድንበር ከተማዋ ቶጎ ጫሌ ድረስ አስፋልት ነው።

በመጨረሻ፦ ሻንጣዬ ውስጥ ምን ልያዝ?

ሻንጣው ያንተ አይደለም፣ ይሄን እወቅ። አየር ማረፊያ ላይ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ይጠብቅሃል፣ ገና ሳትቀመጥም «ሻሃድ» (ስጠኝ ስጠኝ) ይጀመራል። ቁርበጆግ ሁሉ ስልክና ሽቶ ያመጣል። አያትህን ግን በስልክ ምን እንደሚያማቸው ጠይቅ። የደም ግፊት መለኪያ ካመጣህላቸው ባትሪውንም አትርሳ፤ ያለፈው ዓመት እንግዳ ያመጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።