ያው መረጃ፣ ያው ኮድ፣ ሌላ ቁጥር

ጥያቄ፦ በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከጤና ጣቢያ መዝገቦች የሰበሰብኩትን መረጃ በኤክሴል አጽድቼ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እተነትናለሁ። አማካሪዬ ከወራት በፊት ያቀረብኩትን ሠንጠረዥ እንደገና እንዳወጣ ሲጠይቁኝ ቁጥሮቹ ከቀድሞዎቹ ጋር አልገጠሙም። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች አሉኝ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ከየት ልጀምር?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ሠንጠረዦች በእጅ ለማስታረቅ አይድከሙ። ከጥሬው መረጃ እስከ ሠንጠረዡ ያለው መንገድ በጽሑፍ እስካልሰፈረ ድረስ ልዩነቱን ቢደርሱበት እንኳ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ በኤክሴል ውስጥ የተሰረዘ ረድፍ ወይም በእጅ የታረመ ዕድሜ ማን፣ መቼና ለምን እንደነካው አይናገርምና። ስለዚህ ከመዝገቡ የተቀዳውን የመጀመሪያ ፋይል ለብቻው አስቀምጠው ከዚያ በኋላ አይንኩት። ማናቸውም እርማት በኮድ ይሁን፤ ኮዱም ጥሬውን አንብቦ የጸዳውን በሌላ ፋይል ይጻፍ።

በእርስዎ መረጃ ከሁሉ ይበልጥ የምሠጋው ለቀኖቹ ነው። መዝገቡ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኤክሴልም ፓይተንም ይህን አያውቁም። ጳጉሜን 3 ቀን 2016ን «3/13/2016» ብለው ቢጽፉ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ያስገቡ፤ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚደረገውን ልወጣም በአንድ ፈንክሽን (ለአንድ ሥራ በተጻፈ የኮድ ክፍል) ብቻ ያከናውኑ። ከዚያ መልሳቸውን አስቀድመው በሚያውቋቸው ቀኖች ይፈትሹት። መስከረም 1 ቀን 2017 በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራትና። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ፈንክሽኑ ይህን ሲያገኝ በዝምታ ማለፍ ሳይሆን የስህተት መልእክት ሰጥቶ መቆም አለበት። ይህን መፈተሻ በፋይል ጽፈው ኮዱን በቀየሩ ቁጥር ያስኪዱት። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ለጥናትዎ የሚሰጠው ዋስትና ግን ትልቅ ነው።

ለ«የመጨረሻ 2» ዓይነት ፋይሎች መፍትሔው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ነው፤ የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ለውጠው መሥራቱን ባረጋገጡ ቁጥር «ዕድሜያቸው ያልተሞላ ሕሙማንን ከስሌቱ አወጣሁ» የመሰለ ግልጽ መግለጫ ጽፈው ኮሚት ያድርጉ፤ ማለትም ለውጡን በጊት ታሪክ ውስጥ ያስመዝግቡ። ለአማካሪዎ የሚልኩት ሠንጠረዥ የትኛው ኮሚት እንዳወጣው ከሥሩ ይጻፍበት። የሕሙማን ስም ያለበት ፋይል ግን ከጊት ውጪ ይቀመጥ፤ አንዴ ከገባ በኋላ ቢሰርዙትም በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፣ ኮዱ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣም አብሮ ይወጣል። መረጃው በተመሰጠረ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑረው። የተጠቀሙባቸውን የፓይተን ላይብረሪዎች (ሌሎች ያዘጋጇቸውን የኮድ ስብስቦች) ከነሥሪት ቁጥራቸው መመዝገብም አይዘንጉ።

በመጨረሻም አንድ የክፍል ጓደኛዎ ኮዱን በራሱ ላፕቶፕ ያስኪደው። የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶች ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና የኢኮኖሚ ዕድገት ያወጡት ጽሑፍ በበርካታ አገሮች የበጀት ክርክር ውስጥ ተጠቅሷል። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ውጤቱን መድገም ቢያቅተው ፋይላቸውን ጠይቆ አገኘ፤ ከሌሎች አከራካሪ ምርጫዎች በተጨማሪ አማካዩን የሚያሰላው የኤክሴል ቀመር አምስት አገሮችን እንዳስቀረ በ2013 ከመምህራኑ ጋር ይፋ አደረገ። ስህተቱን ለማየት ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ሰው አስፈልጓል።

የቀድሞውን ሠንጠረዥ በተመለከተ ለአማካሪዎ እውነቱን ይንገሯቸው፦ ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ማሳየት ስለማይቻል በጽሑፉ ውስጥ አይገባም፤ በቦታው ከጥሬው መረጃ ተነሥቶ ኮዱ የሚያወጣው ይተካል። ይህን ጽሑፍዎን ከሚከላከሉበት ቀን አስቀድመው ቢነግሯቸው ለእርስዎም ለእሳቸውም ይቀላል።