አንድ ሳይረን ኮምቦልቻን ያዳርሳል ወይ ለተባለው

ጥያቄው «ለቦርከና ወንዝ ጎርፍ አንድ ትልቅ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ቀበሌው ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ኮምቦልቻን ያዳርሳል ወይ?» የሚል ነበር። አያዳርስም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ሳይረን ላይ የሚጻፈው ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከ30 ሜትር ላይ የተለካ ነው። ቤትና ዛፍ ባለበት ሰፈር ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 10 ዴሲቤል ይቀነሳል ተብሎ ይታሰባል። 120 የተባለው እንግዲህ 60 ሜትር ላይ 110፣ 120 ሜትር ላይ 100 እያለ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ሲደርስ 70 ይቀረዋል። 70 ደጅ ለቆመ ሰው ይበቃል፤ ቤት ለገባ አይበቃም። በነሐሴ ዶፍ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠማ አጠገቡ ያለ ሰው ሲያወራውም በደንብ አይሰማ! ስለዚህ ሳይረን የገበያተኛ፣ የእረኛ፣ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው ነው። ቤት ላለው ስልክና የእድር ጡሩምባ ነፊ ይታሰብለት። (ጡሩምባ ነፊውን አትናቁት፤ ባትሪ አያልቅበትም፣ በርም ያንኳኳል።)

ጣሪያውንም ተዉት። ከ12 እስከ 15 ሜትር የሚሆን ምሰሶ ላይ፣ ወደ ወንዙ ዳር ሰፈሮች ተጠግቶ ቢተከል ይሻላል። አንድ ግዙፍ ከመግዛት ሁለት ሦስት መካከለኛ መበተን ያዋጣል። ብቻ በድምፅ ማጉያ መልእክት ለማስተላለፍ ካሰባችሁ አረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የሩቁ ማጉያ ዘግይቶ ይደርስና ቃል በቃል ላይ ይደረባል። ደሴ ላይማ የጦሳ ተራራ የሚመልሰው ገደል ማሚቶ ይጨመርበታል።

የሚሽከረከረው ዓይነት አሠራሩ ቀላል ነው። ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ከበሮ፣ ቀዳዳ ባለው ሽፋን ውስጥ ይዞራል፤ ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ አየር ይወጣል፣ ሲለያዩ ይታፈናል። 12 ቀዳዳ ያለው በሰከንድ 40 ጊዜ ሲዞር 480 ኸርዝ (በሰከንድ 480 ንዝረት) ይሰጣል። 25 ዙር ላይ ከቀረ 300 ይሆናል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ጉልበቱም ይወድቃል። ሳይረኑ መጮኹን ትቶ ካጓራ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ባትሪ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ዝናቡ ሲጠነክር መብራት ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት አራት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው 48 ይሆናሉ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲለካ 12.7 ያሳየ ባትሪ ደህና ነው ብላችሁ አትሸኙት፤ ቮልቱ ሸክም ሲመጣ ነው የሚታየው። ሳይረኑ እየጮኸ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ (ጆሮ ሸፍኖ ነው፣ አደራ)። አንዱ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ሲታሰር አዲሱም ቶሎ ይሞታል። የገመዱ ማሰሪያ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ተፍቆ፣ ጠብቆ፣ ግራሶ ይቀባ። ቀጭን ገመድም ያው ነው፤ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ከሳይረኑ ቀንድ (ድምፅ ከሚወጣበት አፉ) ውስጥ የወፍ ጎጆ አውጡ፣ ወንፊት ሽቦ ግጠሙበት።

ሙከራ በወር አንዴ፣ አስቀድሞ በተነገረ ቀንና ሰዓት፣ ሰማዩ በጠራ ጊዜ። ደመና ባለበት ቀን ከሞከራችሁ ሰው ይሸሻል፣ ወይ ደግሞ በእውነተኛው ቀን ሙከራ ነው ብሎ ይቀመጣል። ምልክቱም አንድ ብቻ ይሁን፦ 3 ደቂቃ ሳይቋረጥ፣ ትርጉሙ ከወንዙ ራቁ። «አደጋው አለፈ» የሚል ሁለተኛ ድምፅ አትጨምሩ፤ በጭንቅ ሰዓት የሚለየው የለም።

ቦርከና በደሴ በኩል ነው የሚመጣው። ኮምቦልቻ ጠብ ሳይል ውኃው ሊሞላ ይችላል። ከላይ ወንዙን የሚያይ ሰው በቀጥታ የሚደውልለት፣ ቁልፉ በእጁ ያለ፣ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ማስጮኽ የተፈቀደለት ሰው ይመረጥ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቁልፍ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱ ስልክ ባያነሳ ሌላው አለ።